የሐረጎ–ኮምቦልቻ ገመድ አልባ ግንኙነት እንዴት እንደተስተካከለ

ከሐረጎ ዳገት ኮምቦልቻ ወዳለው መጋዘናችን የዘረጋነው የ5 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ ኢንተርኔት፣ ሁለቱ ነጥቦች ያለ ከልካይ እየተያዩ በየጊዜው ይቆራረጥ ነበር። ብዙዎች የራዲዮውን ኃይል መጨመርን ቢመክሩም ችግሩ አንቴናው ላይ ነበር። ሐረጎ ላይ የተተከለው ባለ 8 ዲቢአይ (አንቴናው ጉልበቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የማሰባሰብ አቅሙ መለኪያ) ዘንግ አንቴና ጉልበቱን ዙሪያውን ወደ አድማስ የሚበትን በመሆኑ፣ ከታች ሜዳው ላይ ላለው መጋዘን የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። በ24 ዲቢአይ ሰሃን ተካሁት። የ16 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ብልጫ ቀላል አይደለም፤ እይታው ክፍት በሆነ መስመር 6 ዴሲቤል ብቻውን ርቀቱን እጥፍ ያደርጋልና።

አድካሚው ሥራ ማነጣጠሩ ነው። የሰሃን ጨረር ጠባብ ስለሆነ ብሎኑን በጥቂቱ አላልቼ፣ መጀመሪያ ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ታች እያዘነበልኩ የሲግናሉን ጥንካሬ ንባብ ተከታተልኩ። አንድ ቦታ ላይ ከፍ ቢልም እሱ ከዋናው ጨረር ጎን የሚወጣው ደካማ የጎን ጨረር ነበር፤ ከዚያ አልፌ ስሄድ ዋናው ተገኘ፣ ንባቡም ከ−81 ወደ −64 ዲቢኤም (የሚደርሰው ሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይበረታል) ወጣ። የሁለቱ ጫፍ አንቴናዎች ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ)፣ ቁመት ለቁመት ወይም አግድም ለአግድም፣ መመሳሰሉ ሳይረጋገጥ ብሎን ማጥበቅ አይገባም፤ አለመጣጣሙ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊያሳጣ ይችላል።