የተተወ የበቅሎ መንገድ ይዞ ጮቄን እንዴት መውጣት ይቻላል?

ምሥራቅ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይ ድሮ ገበያተኛና በቅሎ የሚመላለስባቸው መንገዶች አሉ። መኪና መንገድ ሲገባ ተተዉ። አንዳንዱን ጓሳ ሣር ዋጠው። አንዳንዱ ታርሶ ገብስ ተዘራበት። ሌላውን ጎርፍ ቦረቦረው። እንዲህ ያለውን መንገድ እግራችሁ ሥር ብቻ ከፈለጋችሁት ትጠፋላችሁ። ከተራራው አቀማመጥ ላይ ነው የሚገኘው።

ከሁሉ በፊት የአካባቢውን ሰላም አጣሩ፣ ቀበሌውንም አናግሩ። ካልተረጋጋ ጉዞው ይቆይ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ጭቃው፣ ጉሙና የወንዝ ሙላቱ አያስኬድም።

ቀጥሎ ካርታ ላይ ተቀመጡ። 1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ የተጠጋጉበት ቦታ ቀጥ ያለ ዳገት ወይም ገደል ነው። አሁን እንደ በቅሎ ነጂ አስቡ። የተጫነ በቅሎ ገደል አይወርድም። የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል፣ ወንዙን በሳሳበት ይሻገራል፣ ሰንሰለቱን ዝቅ ባለበት ያልፋል። እነዚህን ቦታዎች በእርሳስ አገናኙ። ብዙ ጊዜ አሮጌው መንገድ ከዚያ አይርቅም።

ሰዓቱንም አስሉ። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ያዙ። 10 ኪሎ ሜትርና 900 ሜትር ዳገት ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። መንገዱ የጠፋ ስለሆነ እጥፍ አድርጉት፣ ሰባት ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ቀን 7 ሰዓት ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ የመመለሻውን ሰዓት ከዚህ ተነስታችሁ ወስኑ።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ቅዝቃዜው 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ላይኛው ቦታ ከከተማው በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የሱፍ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ኮምፓስና ባትሪ ያዙ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ስልኩን ግን የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ ብርድ ቻርጅ ይጨርሳል።

መንደር ስትደርሱ ሽማግሌ ጠይቁ። እረኛው የሣሩን መንገድ ያውቃል፣ አሮጌውን የሚያውቁት ግን አባቶች ናቸው። «ይሄ ወደ ድጓ ጽዮን ያደርሳል?» ካላችሁ በይሉኝታ «አዎ» ልትባሉ ትችላላችሁ። «አባቴ፣ ድሮ በበቅሎ ሲኬድ በየት በኩል ነበር የሚታለፈው?» በሉ። የአካባቢው ሰው ቢመራችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ተገቢውን ክፈሉት።

ተራራው ላይ የሚያሳስተው የከብት ዱካ ነው። ብዙና ቀጭን ነው፣ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ውሃ ወይም ግጦሽ ላይ ያልቃል። የበቅሎ መንገድ ሰፋ ይላል፣ መሬቱ ጎድጎድ ብሎ ጠርዝ ያወጣል፣ ድንጋዩ በኮቴ ተልጓል፣ ዳገቱ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ያ ጎድጓዳ ጥላ ይይዛል፣ ከሩቅም ይለያል። በዚያን ሰዓት ቆም ብላችሁ ፊት ለፊት ያለውን ተረተር ተመልከቱ።

መንገዱ ድንገት ቢጠፋ ቁሙ። እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱና ድንጋይ ደርድሩ። አንድ ሰው እዚያ ይቁም፣ ሌሎቹ ድምፅ ከሚሰማበት ሳይርቁ ይፈልጉ። ጉም ከወረደ እስኪገለጥ ተቀመጡ። «ወንዝ ተከትዬ እወርዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ጮቄ ላይ አይሠራም። ውሃው ወደየአቅጣጫው ነው የሚበተነው። ጨሞጋ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሙጋና ሱሃ ወደ ምሥራቁ ወገን ይወርዳሉ። ሸለቆውን ከተሳሳታችሁ ሌላ ወረዳ ትገባላችሁ፣ መሃል ላይም ገደል አለ። መልሳችሁ መውጣት የማትችሉትን ቁልቁለት አትውረዱ።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እረፉ፣ ካልተሻለ ውረዱ። ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጫፉን ትታችሁ ወዲያው ይዛችሁት ውረዱ።

ስትመለሱ የደረደራችሁትን ድንጋይ አፍርሱት። ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል።