ጎረቤት አገር ተሻግሮ የሥራ ቪዛ ማስመታት፦ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅባቸው ስህተቶች

ሥራዬ አሜሪካ ውስጥ በኤች-1ቢ (ባለሙያዎች በአሠሪ በኩል በሚያገኙት ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) ለሚሠሩ ሰዎች ፋይል ማዘጋጀት ነው። ያገሬ ልጆች ሲደውሉ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ሆኗል፦ «ቪዛዬ አልቋል፤ ሜክሲኮ ሄጄ ላስመታ ወይስ ካናዳ ይሻላል?» ማስመታት የምንለው ከአሜሪካ ቆንስላ አዲስ ቪዛ ፓስፖርት ላይ ማስለጠፍን ነው። ለአብዛኞቻችሁ መልሱ ሁለቱም አይሆንም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ እደርስበታለሁ።

የትናንቱን ምክር ይዞ መነሳት

«ጓደኛዬ ሁዋሬዝ ሄዶ በሳምንቱ ተመለሰ» ትሉኛላችሁ። አምናለሁ። ቀድሞ ብዙ ሰው ቴክሳስ ኤል ፓሶ ድረስ በርሮ፣ ድልድዩን ወደ ሜክሲኮዋ ሁዋሬዝ ተሻግሮ፣ አንድ ቀን አሻራና ፎቶ ሰጥቶ፣ በሌላው ቀን ቆንስላው መስኮት ላይ ቀርቦ ጉዳዩን ይጨርስ ነበር። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መመሪያውን ቀየረ። ቱሪስትም ሆነ ተማሪ ወይም ሠራተኛ፣ ለጊዜያዊ ቪዛ የሚያመለክት ሰው በዜግነቱ አገር ወይም በሚኖርበት አገር ያመልክት ተባለ። አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካ ውስጥ የአሜሪካ ቆንስላ የለምና፣ የሚቀረው አዲስ አበባ ነው። ለሱዳኖች ካይሮ፣ ለሶማሊያና ለደቡብ ሱዳን ዜጎች ናይሮቢ ተመድቦላቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ሥራ ላይ ስለሆነ ለእኛ ሌላ ቦታ አልተመደበም።

ቶሮንቶ በቋሚ ነዋሪነት የምትኖሩ ወይም ናይሮቢ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ እዚያው ማመልከት ትችላላችሁ፤ መኖሪያችሁ እዚያ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ። ሌላው ሰው ግን «ሲስተሙ ቀጠሮ ሰጠኝ እኮ» እያለ አይከራከረኝ። ሲስተሙ 205 ዶላሩን ይቀበላል። ነዋሪነታችሁን የሚጠይቀው መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ገንዘቡም አይመለስም።

«እስቲ ልሞክር፣ ካልሆነ እመለሳለሁ»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቪዛው ያለቀበት የኤች-1ቢ ሠራተኛ ለ30 ቀን ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ብቻ ደርሶ፣ ቀኑ ያላለፈ አይ-94 (የመቆያ ጊዜውን የሚያሳየው የመግቢያ መዝገብ) እና የአሠሪው ማመልከቻ መጽደቁን የሚገልጸውን የአይ-797 አፕሩቫል ወረቀቱን ይዞ፣ ያለ አዲስ ቪዛ ተመልሶ መግባት ይችላል። አውቶማቲክ ሪቫሊዴሽን ይባላል። ሠርግም ይሁን ሐዘን፣ ቶሮንቶ ደርሶ መምጣት የሚቻለው በዚህ ነው። ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ያውቃል። የማያውቀው ቀጣዩን ነው፦ እዚያ ሳለህ አዲስ ቪዛ ካመለከትክ ይህ መብት የለህም። ማመልከቻው ውሳኔ ቢጠብቅም፣ ቢከለከልም ያው ነው። ቪዛው ታትሞ እጅህ እስኪገባ ድረስ አትመለስም። ስለዚህ «ካልሆነ እመለሳለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ የምትመለስበትን መንገድ የዘጋኸው ቆንስላው በር ላይ በቆምክበት ቀን ነው።

አዲሱ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት አንድ የዳላስ ሶፍትዌር ሠራተኛ ቪዛ ሊያስመታ ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬ ሄደ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ኢንተርቪው፣ ከዚያ ፓስፖርቱን ከነ አንዲት ወረቀት መለሱለት፤ ወረቀቷ ላይ 221(ጂ) ይላል። ትርጉሙ «ተጨማሪ ማጣራት አለ፣ ጠብቅ» ነው። እሱ ግን ፓስፖርቱ ስለተመለሰለት ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። አይ-94ቱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ የዳላስ በረራ አለው፣ ሄደ። የአየር መንገዷ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጣ «ቪዛህ የታለ?» አለችው። እኔ ጋ የተደወለው ከዚያው አየር ማረፊያ ወንበር ላይ ነው። ሞንቴሬ ክፍል ተከራይቶ በላፕቶፑ መሥራት ጀመረ፤ ጥቂት ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቱ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) «ከሌላ አገር ሆነህ መሥራት አትችልም፣ የታክስ ችግር ያመጣብናል» ብሎ ያለ ደመወዝ አስቀመጠው። መኪናው ያን ሁሉ ጊዜ ዳላስ አየር ማረፊያ ፓርኪንግ ውስጥ በቀን ሒሳብ ቆማለች። ቪዛው በመጨረሻ መጣ። ፓርኪንጉን ከፍሎ ሲወጣ ሒሳቡን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ እስካሁን ለደንበኞች አሳያለሁ።

ማኅተሙን ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ማምታታት

ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡና ሦስት ወር የሚቆዩ ሆነዋል። ስለዚህ «ሦስት ወሬ ሊሞላ ነው፣ ሥራዬን ልለቅ ነው?» የሚል ጥሪ በዝቷል። አትደንግጡ። ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ እንደ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው፤ በር ላይ ይታያል፣ ከገባችሁ በኋላ ማንም አይጠይቃችሁም። አሜሪካ ውስጥ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ የሚናገረው አይ-94 ነው።

አይ-94ን ግን እዩት! ከድንበር እንደገባችሁ ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ አትሙት። አፕሩቫላችሁ ሦስት ዓመት ቢሰጣችሁም ፓስፖርታችሁ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ የድንበር ኦፊሰሩ አይ-94ቱን በፓስፖርቱ ቀን ሊቆርጠው ይችላል። ይህን ሳያውቅ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው አይቻለሁ፤ ያወቀውም መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሄዶ ነው። ፓስፖርታችሁን ከጉዞ በፊት አሳድሱ።

ዓመተ ምሕረት እና ስም

ዲኤስ-160 (የቪዛ ማመልከቻ ቅጹ) ላይ ልደቱን 1991 ብሎ፣ ዲግሪውን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጦ 2005 ብሎ የሞላ ልጅ ነበር። በቅጹ መሠረት በ14 ዓመቱ ኢንጂነር ሆኗል ማለት ነው። ኦፊሰሩ ስለ እኛ አቆጣጠር የማወቅ ግዴታ የለበትም። 2005 ዓ.ም. እንደ ወሩ 2012 ወይም 2013 መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ዲግሪውንም፣ የሥራ ልምዱንም፣ የጋብቻ ማስረጃውንም አንድ በአንድ ቀይሩ።

ስም ላይ ደግሞ ፓስፖርቱ ያለውን ብቻ ጻፉ። «ገብረ» እና «መድኅን» ፓስፖርቱ ላይ ተለያይተው ከሆነ ቅጹም ላይ ይለያዩ። አፕሩቫሉ ላይ አያት ቀርቶ አባት ብቻ ካለ፣ ከቀጠሮው በፊት ለጠበቃችሁ ንገሩ።

ሥራችሁን መናገር አለመቻል

ትሕትና ጥሩ ነው፣ መስኮቱ ላይ ግን ይጎዳል። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ያው ኮምፒውተር ላይ ነኝ» የሚል ሰው ፔቲሽኑ (አሠሪው ለመንግሥት ያቀረበለት ማመልከቻ) ላይ ሲስተምስ አናሊስት ተብሎ ተጽፏል። ምን ዓይነት ሲስተም፣ ለማን፣ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ደመወዝ፣ ሁሉንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ልበሉት። ሥራችሁ አትላንታ ተብሎ ተፈቅዶ እናንተ ሲያትል ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት አሠሪያችሁ ፔቲሽኑን ማሻሻል ነበረበት፤ ሳያሻሽል አትነሱ።

ሌሎቹ

ለሠርግ ወይም ለሐዘን የምትሻገሩ ከሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ለካናዳ ቪዛ ይፈልጋል። ሜክሲኮ ያለ ቪዛ የምታስገባው የአሜሪካ ቪዛው ያላለቀበትን ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ነው፤ የእናንተ አልቋል፣ ስለዚህ ከሜክሲኮ ቆንስላ ቪዛ ጠይቁ።

ያለ ኢንተርቪው ፓስፖርት ልኮ ማሳደስን፣ «ድሮፕቦክስ» የሚባለውን፣ እርሱት። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ጀምሮ ኤች-1ቢ የሚያሳድስ ሰው በአካል ይቀርባል።

ከዲሴምበር 15 ቀን 2025 ጀምሮ የኤች-1ቢና የኤች-4 (የትዳር ጓደኛና የልጆች ቪዛ) አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ፤ ቀጠሮው ዋዜማ ላይ አካውንት ማጥፋት ከመቆለፍ የባሰ ጥያቄ ያስነሳል።

ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የመመለሻ ትኬት አትቁረጡ፤ ከቆረጣችሁም ቀኑ የሚቀየረውን።

ሚስትና ልጆች በኤች-4 ካሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ዲኤስ-160 ይሞላል፤ ለሕፃኑም። የጋብቻና የልደት ማስረጃው አማርኛ ከሆነ ከነ ትርጉሙ አያይዙ፤ ትርጉሙ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን ከተርጓሚው ቢሮ ሳትወጡ አንብቡት።