ቻይናውያን ሚሲሲፒ ውስጥ የት የት ይኖራሉ? ካርታውን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአሜሪካዋ ደቡባዊ ግዛት ሚሲሲፒ ስትነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጥጥ፣ ብሉዝ ሙዚቃና የጥቁሮች የመብት ትግል ነው። ቻይናውያንን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እነሱ ግን እዚያ ከ150 ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ አሉ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አልቆ ባርነት ሲቀር፣ የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ነፃ የወጡትን ጥቁሮች የሚተካ ርካሽ ጉልበት ፈለጉ። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ጸሐፊው ቻይናውያን በመቶኛ በዝተው ያሉበት ደምቆ የተቀባ ካርታ ያያል፤ ቀለሙን አይቶ ታሪክ ይገምታል። ሚሲሲፒ 82 ካውንቲዎች (እንደ ወረዳ ያሉ የአስተዳደር ክፍሎች) አሏት፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን አልሞላም። ከዚያ ውስጥ ቻይናውያኑ እጅግ ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ በቀላሉ ያሳስታል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

በመቶኛውን ብቻ ማየት

ኢሳኬና የምትባል ካውንቲ አለች፤ ዴልታ በሚባለው የግዛቱ ሰሜን ምዕራብ የጥጥ ሜዳ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 1,338 ሰው ብቻ ነበር። በሕዝብ ብዛት ከግዛቱ የመጨረሻዋ ናት። አሁን አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉበት አንድ ቻይናዊ ቤተሰብ እዚያ ገባ እንበል። ወዲያው ከሺህ ሰው ወደ አራት የሚጠጋው ቻይናዊ ሆነ ማለት ነው። ዋና ከተማዋ ጃክሰን በምትገኝበት በሂንድስ ካውንቲ ያንኑ መጠን ለማግኘት ከ800 በላይ ሰው ያስፈልጋል። ካርታው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ይደምቃሉ። አንደኛው አንድ ቤት ነው፤ ሌላኛው ሙሉ ሰፈር። በመቶኛውን ስታዩ ምንጊዜም የሰው ቁጥሩን አጠገቡ አስቀምጡ።

የናሙና ጥናትን እንደ ቆጠራ መቁጠር

የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ሁሉንም ሰው የሚቆጥረው በየ10 ዓመቱ ነው። በመሃል የሚወጡት ቁጥሮች ከናሙና ጥናት የሚመጡ ግምቶች ናቸው፤ ለትንንሽ ካውንቲዎች ደግሞ የአምስት ዓመት መልስ አንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚወጣው። ከእያንዳንዱ ግምት ጎን የስህተት ህዳግ ይጻፋል። ለምሳሌ አንድ ካውንቲ "24፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 31" ቢል፣ ትርጉሙ አንድም ቻይናዊ ላይኖር ይችላል፣ ወይም 55 ሊሆኑ ይችላሉ ነው። ይህን ይዞ "የቻይናውያን ቁጥር በእጥፍ ጨመረ" ብሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው።

እውነተኛው ቆጠራም ቢሆን በትንንሽ ቦታዎች ላይ መጠንቀቅ ይጠይቃል። በ2020 ቢሮው የግለሰቦችን ማንነት ለመጠበቅ ሲል አብዛኞቹን ቁጥሮች ሆን ብሎ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በአንዲት የገጠር ከተማ 3 የሚለው ቁጥር የግድ ሦስት ሰው ላይሆን ይችላል።

እስያዊውን ሁሉ ቻይናዊ ማድረግ

ይሄ የደቡቡን ባሕር ዳርቻ ሲያዩ የሚመጣ ስህተት ነው። ቢሎክሲና አካባቢው በእስያውያን ቁጥር ደመቅ ብሎ ይታያል። እዚያ ያሉት በአብዛኛው ቬትናሞች ናቸው። ከ1975 በኋላ ከጦርነቱ ሸሽተው መጥተው በሽሪምፕ ማጥመድና ማዘጋጀት ሥራ የተሰማሩ ሰዎችና ልጆቻቸው። ከዴልታው ቻይናውያን ጋር በታሪክም በቋንቋም አይገናኙም። ከ2020 ቆጠራ በወጣው ዝርዝር ሰንጠረዥ ደግሞ ታይዋናውያን ከቻይናውያን ተለይተው ነው የተቀመጡት። ቻይናዊ ብቻ ነኝ ያለውና ከሌላ ዘር ጋር የተቀላቀለውም ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ የትኛውን ዓምድ እንደወሰዳችሁ ግለጹ።

እኛም ጣጣውን እናውቀዋለን። በዚያው ቆጠራ ቅጽ ላይ "ጥቁር" የሚለውን ምልክት ያደረገ ሰው ከሥሩ ኢትዮጵያዊ ብሎ በእጁ መጻፍ ይችል ነበር። ባዶ የተወው ወገናችን በዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያውያን ቁጥር ውስጥ አልገባም።

ቻይናታውን መፈለግ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሳን ፍራንሲስኮንና ኒው ዮርክን የለመደ ሰው ሚሲሲፒም ላይ ቻይናውያን ተሰባስበው የሚኖሩበት ሰፈር ይፈልጋል። ያጣውና "እዚህ ማኅበረሰብ የለም" ብሎ ይደመድማል። ነበረ እንጂ! ግን ተበታትኖ ነበር፤ የተበታተነውም በምክንያት ነው።

ለጥጥ የመጡት ቻይናውያን እርሻው ላይ ብዙ አልቆዩም። ክፍያው የሚረባ አልነበረም። ከእርሻው ወጥተው ትንንሽ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው እኩል አራሽ የሆኑ ጥቁሮች ነበሩ። ነጩ ነጋዴ እነሱን በክብር ማስተናገድ አይፈልግም፤ ጥቁሩ ደግሞ ሱቅ ለመክፈት ካፒታልና ብድር ማግኘት ይከብደው ነበር። ቻይናዊው በዚህ ክፍተት ገባ። ዱቄት፣ ጨው፣ ሥጋ፣ ላምባ ይሸጣል፤ ጥጡ እስኪሰበሰብ በዱቤ ይሰጣል። ቤተሰቡ የሚያድረው ከሱቁ ጀርባ ነው። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ደንበኛው በዱላ እየጠቆመ ዕቃውን ያሳይ ነበር ይባላል። ከየዓይነቱ የመጨረሻዋን ሳይሸጡ ያስቀምጣሉ፤ ጅምላ አከፋፋዩ ሲመጣ "ይሄን አምጣ" ብለው ለማሳየት።

አሁን ካርታውን በዚህ ዓይን እዩት። አንዲት ትንሽ ከተማ ስንት እንዲህ ያለ ሱቅ ትችላለች? አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ስለዚህ ዘመድ ከቻይና ሲመጣ መጀመሪያ በአጎቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ሙያውን ይለምዳል፣ ከዚያ ደንበኛ እንዳይሻማ ወደ ቀጣዩ ከተማ ሄዶ የራሱን ይከፍታል። ክላርክስዴል፣ ክሊቭላንድ፣ ሮዝዴል፣ ግሪንቪል እንዲህ ተያያዙ። ትልቅ በነበረችው ግሪንቪል ብቻ ሱቆቹ በደርዘን ይቆጠሩ ነበር።

ሕጉም ሰዎቹን ወደ ሱቅ ገፍቷቸዋል። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ ነጋዴን ግን አልከለከለም። ሱቅ ያለው ሰው ቤተሰቡን ለማምጣት ቀዳዳ ነበረው። ሕጉ በ1943 ሲነሳም የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በሩ በሰፊው የተከፈተው በ1965 ነው።

ትምህርት ቤቱን መርሳት

ሰው የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጠው ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ልጁ የሚማርበትንም ያያል። በ1924 በሮዝዴል፣ ማርታ ለም የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነጭ ስላልሆነች ከነጮች ትምህርት ቤት ተባረረች። አባቷ ጎንግ ለም ባለሱቅ ነበር። ዝም አላለም፤ ቤተሰቡ ከሰሰ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ፣ በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፉ። በኅዳር 1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ግዛቲቱን ደገፉ። ቤተሰቡ ወንዙን ተሻግሮ ጎረቤት ግዛት አርካንሶ ውስጥ ወደምትገኘው ኢሌን ሄደ። በካርታው ላይ ይህ "ከሚሲሲፒ አንድ ቤተሰብ ቀነሰ" ብቻ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ ቁጥሩን ማብራራት አይቻልም። ሌሎች በክሊቭላንድ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ለቻይናውያን ልጆች የተቋቋመውን ትምህርት ቤት ተጠቀሙ፤ ከሌላ ከተማ መጥተው እዚያው እያደሩ የሚማሩ ልጆችም ነበሩ።

የዛሬውንና የድሮውን ካርታ መቀላቀል

ዛሬ ቻይናውያን ጎላ ብለው የሚታዩባቸው ኦክስፎርድና ስታርክቪል ዴልታ ውስጥ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። እዚያ የሚቆጠሩት ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና መምህራን ናቸው። ተማሪ የሚቆጠረው ዓመቱን በአብዛኛው በሚኖርበት ቦታ ስለሆነ፣ ከቤጂንግ ለዶክትሬት የመጣው ወጣት የሚሲሲፒ ነዋሪ ሆኖ ይመዘገባል። ተመርቆ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። የባለሱቆቹ ልጅ ልጆች ግን በአነጋገራቸው ደቡባዊ የሆኑ አሜሪካውያን ናቸው። ሁለቱን ደምሮ "የሚሲሲፒ ቻይናውያን" ማለት ይቻላል፤ ስለ አንደኛው በተጻፈ ታሪክ ሌላኛውን መግለጽ ግን አይቻልም።

ዴልታው ውስጥ ቻይናውያን ለምን ቀነሱ ለሚለውም መልሱ መድልዎ ብቻ አይደለም። በ1944 ክላርክስዴል አጠገብ በሆፕሰን እርሻ ጥጥን ከመዝራት እስከ መልቀም በማሽን መሥራት እንደሚቻል ታየ። ማሽኑ ሲስፋፋ እኩል አራሹ ሥራ አጣ፤ ወደ ቺካጎና ወደ ሌሎች ከተሞች መሰደዱም ባሰ። ደንበኛው ሲሄድ ሱቁ ምን ይሠራል? ቀጥሎ ሱፐርማርኬት መጣ። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው ፋርማሲስትና ኢንጂነር ሆኑ፤ ሥራውም ያለው ሂውስተን፣ አትላንታና ካሊፎርኒያ ነው። ወላጆቻቸው የደከሙት ልጆቻቸው ባንኮኒ ጀርባ እንዳይቀሩ ነበርና ተሳካላቸው።

ግዛቱ ድንበር ላይ ማቆም

በአጭሩ፦ ሜምፊስ ቴነሲ ውስጥ ናት፤ ብዙ ሠራተኞቿ ግን የሚያድሩት ሚሲሲፒ፣ ደሶቶ ካውንቲ ነው። አርካንሶም ከወንዙ ማዶ ናት፤ የዴልታው ዘመዳማቾች እዚያም እዚህም ሱቅ ነበራቸው።

ቤተሰብን በጣት መጠቆም

ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በአንዲት መንደር ያለው ቻይናዊ ቤተሰብ አንድ ከሆነ፣ መንደሯን ለይቶ ካርታ ላይ ማውጣት ቤታቸውን ማሳየት ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ እስያውያን አሜሪካ ውስጥ በየመንገዱ ሲሰደቡና ሲደበደቡ አይተናል። ትንንሾቹን ካውንቲዎች አዋህዱና "ሰሜን ዴልታ፣ ደቡብ ዴልታ" ብላችሁ አሳዩ።

የድሮውን በስም ማጥናት የሚፈልግ ግን በሩ ክፍት ነው። የቆጠራ ቅጾች ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታሉ። የ1950ው በሚያዝያ 2022 ወጥቷል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና ሥራ ይነበብበታል። የ1890ውን አትፈልጉ፤ በእሳት አብዛኛው ጠፍቷል። ክሊቭላንድ ውስጥ የዴልታው ቻይናውያን ቅርስ ሙዚየም አለ፤ ግሪንቪል ደግሞ የቻይናውያን መካነ መቃብር። የ1960ው ቆጠራ በ2032 ይከፈታል።