ሁለት ውል፣ ሁለት መቀስ፦ ባልና ሚስት ሆኖ ቦዦሌ ወይን መልቀም

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከፓሪስ፣ ከማርሴይ፣ ከዚሁ ከሊዮን የሚደውሉ ባልና ሚስቶች «እኛስ ዘንድሮ ቫንዳንዥ (ወይን ለቀማ) ብንሄድ? ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ከሊዮን በስተሰሜን ባሉት የቦዦሌ ኮረብታዎች ላይ ወይን እንለቅማለን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ አዝሎ ወደ ትራክተሩ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ደዋይ በችኮላ ከምነግር አንዴ ተረጋግቼ ልጻፈው።

ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፦ አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ሥሩ፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለት ሰው ሁኑ። ሁለት ውል፣ ሁለት የደመወዝ ወረቀት። «ባልና ሚስት አይደላችሁ? በአንዱ ስም ይመዝገብና ይቅለላችሁ» የሚል አሰሪ አጋጥሞኛል። ሲሰሙት ቅን ይመስላል። ነገር ግን ስሟ ያልተመዘገበ ሴት መቀሱ ጣቷን ቢቆርጣት በሥራ ላይ የተጎዳች ሠራተኛ መሆኗን ማስረዳት ይቸግራታል። የሠራችው ሰዓት ለጡረታዋ አይገባም፣ ለሥራ አጥነት አበሏም አይቆጠርም፤ ነገ ፕሬፌክቱር (የመኖሪያ ካርድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) «ምን ስትሠሪ ነበር?» ቢላትም የምታሳየው ነገር የላትም። በሕጉም ቢሆን ይህ ድብቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለት ውል የማይሰጥ ቤት አትግቡ፤ በዚያ ወቅት ሰው የሚፈልግ ሌላ ቤት አይጠፋም።

የት ይሻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቦዦሌን እመርጣለሁ። ቦርዶና ላንግዶክ አብዛኛውን ለቀማ ማሽን ወስዶታል። ሻምፓኝ ውስጥ በእጅ መልቀም ግዴታ ነው። ቦዦሌ ደግሞ ወይኑ የሚጠመቀው ዘለላው ሳይፈለፈል እንዳለ ገንዳ እየገባ ስለሆነ አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋል። ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ብሩዪ እያሉ ጠርሙስ ላይ የምታዩዋቸው ስሞች ሁሉ እዚህ ኮረብታ ላይ ናቸው። ከሊዮን በባቡር ቪልፍራንሽ ወይም ቤልቪል ትወርዳላችሁ፤ መኪና ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ከጣቢያ መጥቶ የሚወስድ ገበሬም አለ።

ሻምፓኝ በኪሎ የሚከፍል ብዙ ነው፣ ፈጣን እጅ ላለው ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል። ነገር ግን እዚያ ሠራተኛ በአቅራቢ ድርጅት በኩል መቅጠር በጣም ተለምዷል፣ ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። በ2023ቱ ለቀማ ከ50 በላይ አፍሪካውያን ለሰው መኖሪያ በማይሆን ቤት ታጉረው ተገኙ። በ2025 እዚያው ሻምፓኝ ያለው የሻሎን ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሰዎችን በሰው መነገድ ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። በዚያው በ2023 ሙቀት ለቀማ ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ሠራተኞችም ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ «ሚኒባስ ይወስዳችኋል፣ ውሉን እዚያ ትፈርማላችሁ» ቢላችሁ የወይኑን ባለቤትና የመንደሩን ስም ጠይቁት። ካልነገራችሁ አትሳፈሩ፤ አበሻ ቢሆንም፣ ዘመድ ቢሆንም አትሳፈሩ።

ሥራ ፍለጋው እንዲህ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ (ወሩንም ዓመቱንም የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ፍራንስ ትራቫይ በሚባለው የመንግሥት ሥራ አገናኝ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያው ይወጣል። ከዚያ የሚሻለው በቀጥታ ለገበሬው መደወል ነው፤ ቁጥሩ በየቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። «ባልና ሚስት ነን፣ ሁለታችንም ወረቀት አለን፣ እስከ መጨረሻው ቀን እንቆያለን» በሉ። መሀል ላይ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ ገበሬውን በጣም ስለሚያስቸግረው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። ለቀማው አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ በጣም ሞቃት በሆነ ዓመት ይቀድማል። ትክክለኛው ቀን የሚታወቀው ዘግይቶ ነውና የባቡር ትኬታችሁን አስቀድማችሁ አትቁረጡ።

ወረቀቱን አንብቡት

የምትፈርሙት «ኮንትራ ቫንዳንዥ»፣ የለቀማ ውል ማለት ነው፣ ይባላል። በጽሑፍ መሆን አለበት። አንዱ ውል ከአንድ ወር አያልፍም፤ ደጋግማችሁ ብትፈርሙም በ12 ወር ውስጥ ድምሩ ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቋሚ ሥራ ካላችሁ፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ወስዳችሁ በዚህ ውል መሥራት ሕጉ ይፈቅዳል።

የመኖሪያ ካርዳችሁን ፎቶ ገና ስትስማሙ ላኩ። ፍራንስ ትራቫይ ያልተመዘገበ የውጭ ዜጋ ሲቀጠር አሰሪው ከሥራው ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድሞ ካርዱን በፕሬፌክቱር ማጣራት አለበት፤ እሑድ ማታ ካርድ ይዞ የሚደርስ ሰው ሰኞ ጠዋት ላይገባ ይችላል። ሬሴፒሴ (ካርዱ እስኪደርስ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ወረቀት) የያዛችሁ፣ ሥራ ይፈቅዳል የሚለው ዓረፍተ ነገር ላዩ ላይ መኖሩን እዩ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከስድስት ወር በኋላ መሥራት ትችላላችሁ፤ የሥራ ፈቃዱን ግን አሰሪው መጠየቅ አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል። የጣሊያን ወይም የጀርመን መኖሪያ ወረቀት በራሱ ፈረንሳይ ውስጥ ሥራ አያስፈቅድም። በእህት ወይም በጓደኛ ካርድ መሥራትን በፍጹም አታስቡት፤ አደጋ ቢደርስ ሆስፒታል የሚመዘገበው የእሷ ስም ነው።

ክፍያው በሰዓት ከሆነ ከስሚክ፣ ማለትም በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በታች መውረድ አይችልም። ስሚክ በ2025 ሳይቆረጥ በሰዓት 11.88 ዩሮ ነበር፤ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመታችሁን እዩ። በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ስትሠሩ ለመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓቶች ብዙ ጊዜ 25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 50 በመቶ ይጨመራል። በኪሎ ብትሠሩም ከስሚክ በታች አይከፈልም። ለመኝታና ለምግብ የሚቆረጥ ካለ ስንት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ባንክ ሂሳብ፦ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደመወዝ የሚገባው ሠራተኛው ራሱ ባለቤት ወይም የጋራ ባለቤት በሆነበት ሂሳብ ብቻ ነው። የጋራ ሂሳብ ካላችሁ ይሆናል። የባል ብቻ ከሆነ ሚስት የራሷን ትክፈት። ይህን ስናገር ትዳር ውስጥ የገባሁ የሚመስላቸው አሉ። የሴቲቱ ወገብ እንደ ሰውየው ወገብ ነው የሚጎብጠው፤ ክፍያውም በስሟ ይድረሳት።

መኝታን በተመለከተ፣ «ለባልና ሚስት የተለየ ክፍል አለ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቤት ወንዶቹን ለብቻ ሴቶቹን ለብቻ ያሳድራል። ለተወሰኑ ቀናት ቢሆንም ደክሞ ተመልሶ ቀኑን ለሚስት ወይም ለባል ማውራት አለመቻል ከሥራው በላይ ይከብዳል።

ምን ልያዝ?

ጠዋት ጤዛው ሱሪ ስለሚያበሰብስ የዝናብ ሱሪና ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ። ባርኔጣ፣ ቀጭን ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ፕላስተር ጨምሩ። የቲታነስ ክትባታችሁ ጊዜው ካለፈ ከመሄዳችሁ በፊት ተከተቡ። መቀሱን አሰሪው ይሰጣል። የጋብቻ ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ጭማቂው ያጣብቃል፣ ጣት በሙቀት ያብጣል። እኛ በክር አንገታችን ላይ እናስረዋለን።

ረድፉ ላይ

ጋሜ የሚባለው የቦዦሌ የወይን ዝርያ የድሮ አተካከሉ ሽቦ የለውም፤ እንደ ቁጥቋጦ መሬት ተጠግቶ የበቀለ ነው፣ ዘለላውም ከጉልበት በታች ነው። ቡና የለቀመ ሰው ቀዩን ከአረንጓዴው እየመረጠ በፍሬ በፍሬ ይለቅማል፤ እዚህ ግን ዘለላው አንድ ላይ ይወርዳል፣ ምርጫውም በዘለላ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጉ። ግራ መዳፋችሁን ከዘለላው ሥር አኑሩ፣ አትጭመቁት። መቀሱን አገዳው ላይ አድርጋችሁ የራሳችሁን ጣቶች አንዴ ካያችሁ በኋላ ቁረጡ። እዚህ ሥራ ላይ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ግራ እጅ ነው፤ በተለይ ከምሳ በፊት፣ ሰው ሲርበውና ወሬ ሲደራ።

ዘለላውን እዩት፣ አሽትቱትም። ግራጫ ሻጋታ የያዘውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዘለላ ከነአካቴው ባልዲ ውስጥ አይግባ፤ ጥቂቱ ብዙውን ያበላሻል። ከላይ ተንጠልጥለው የሚታዩ ጠንካራ ትንንሽ ዘለላዎች ዘግይተው የወጡ ናቸው፣ አልበሰሉምና ተዉአቸው። ቅጠል አብሮ አይግባ። ቅጠሉ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ነገር የመዳብ መድኃኒት ነው፤ ሳትታጠቡ እንጀራም ዳቦም አትንኩ።

ለወገብ፦ እግርን ገትሮ ጎንበስ ማለት እስከ ሁለተኛው ቀን ብቻ ያስኬዳል። አንድ ጉልበት መሬት ላይ አድርጉ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ቁጢጥ በሉ። ባልዲውን እንደያዛችሁ ወገባችሁን አታዙሩ፣ እግራችሁን አዙሩ። ሦስተኛው ቀን ከሁሉ ይከፋል፤ ከዚያ ሰውነት ይለምደዋል።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ። ሽቦ ያለው ማሳ ላይ ከሆናችሁ አንዱን ረድፍ ፊት ለፊት ሆናችሁ ከግራና ከቀኝ ትይዙታላችሁ። ከቅጠሉ ማዶ ያለው የትዳር ጓደኛችሁ ጣት ነው። እኛ የተስማማነው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ይቆርጣል፤ መሀል ያለውን ደግሞ አገዳውን ማየት የቻለው «የእኔ» ብሎ ድምፅ አውጥቶ ይቆርጣል። ቁጥቋጦው ማሳ ላይ ግን ለየራሳችሁ ረድፍ ይሰጣችኋል። የፈጠነው የራሱን ጨርሶ ከዘገየው ረድፍ ማዶ ጫፍ ይጀምርና ይገናኛሉ። ይህ የቦታው ልማድ ነው፤ ማንም ለማንም ይመለሳል። «ቶሎ በል!»፣ «ቶሎ በይ!» የሚለውን ግን ለአለቃው ተዉት። አብረውኝ ከሠሩ ጥንዶች ማታ ሲኮራረፉ ያየኋቸው ሁሉ ቀን ረድፍ ላይ ሲተቻቹ የዋሉ ናቸው።

«ባልሽ ጠንካራ ነው፣ ሆት ይሸከም» ይላሉ። ሆት ጀርባ ላይ የሚታዘለው ትልቁ ዕቃ ነው፤ ሲሞላ ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ዳገትም አለ። ብዙ ጊዜ ክፍያው ትንሽ ይበልጣል። ጀርባው የታመመ ሰው ለክብር ብሎ አይቀበል። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ይህ ሥራ ይለፋት፤ ሙቀቱም፣ ሸክሙም፣ መድኃኒቱም አይሆንላትም።

ውሃ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሙቀት ጊዜ፣ የቧንቧ ውሃ በሌለበት ማሳ ለአንድ ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 3 ሊትር እንዲቀርብ ደንብ ወጥቷል። ጠዋት ለእረፍት ወይን ጠጅ ይቀርባል፤ አመስግኖ አለመውሰድ ነውር የለውም። እኔ ከማታ በፊት አልጠጣም። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የንግግር መወላገድ ያየ ባል ወይም ሚስት ሥራውን ወዲያው አስቁሞ ጥላ ይፈልግ፣ 112 ይደውል። ከሌላው ሠራተኛ ቀድማችሁ መለየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ምግብ ላይ አንድ ምክር። የጠዋቱ ቁርስ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማና አይብ ነው። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ፣ አሳማ የማትበሉ፣ በደረሳችሁበት ማታ ለምታበስለዋ ሴት ንገሯት፤ ጠረጴዛ ላይ ከቀረበ በኋላ መመለስ ያስቀይማታል። ድንች፣ ምስር፣ ሰላጣ የማይሠራ ቤት አላየሁም። ሚጥሚጣ ያዙ። ጀበናም ያዙ፤ ዕንቁጣጣሽ ለቀማው ላይ ከዋለ ማታ ቡና ስታፈሉ ቤቱ በሙሉ ይሰበሰባል።

ከማሳው ሥራ በኋላ ወንዶችን ወደ መጥመቂያው የሚጠሩበት ቤት አለ። ባለቤቴ ይህን ሥራ ይወደዋል፣ እኔ ግን እስኪወጣ አላርፍም። ወይኑ ሲብላላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ገንዳው ውስጥና ወለሉ ላይ ይተኛል። አይታይም፣ ይገድላል። ገንዳ ውስጥ ዕቃ ቢወድቅ አትግቡ። ሰው ቢወድቅም ተከትላችሁ አትግቡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚሞተው ሊያወጣ የገባው ነው። በር ከፍታችሁ ጩኹ፣ 18 ወይም 112 ደውሉ።

በመጨረሻው ቀን ቦዦሌዎች «ረቮል» የሚሉት ድግስ አለ፤ ሳትበሉ አትሂዱ። የደመወዝ ወረቀቱ ሲደርሳችሁ በየማታው ለየብቻ ከጻፋችሁት ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ ትርፍ ሰዓቱና 10 በመቶ የዓመት ፈቃድ ክፍያው መግባቱን እዩ። ለፍራንስ ትራቫይ የሚሆነውን ማረጋገጫም ሁለታችሁም ጠይቁ። ገበሬው በሥራችሁ ከተደሰተ በብርዱ ወራት የወይን መግረዝ ሥራ እንዳለው ጠይቁት፤ እሱ ከለቀማ የረዘመ ሥራ ነው። ቁጥር ሲቀበላችሁም የሁለታችሁንም ስልክ በየስማችሁ አጽፉ።