ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት፦ ቤት ስታሳድሱ የእኔን ስህተት አትድገሙ

መታጠቢያ ቤቴ ያለቀው ማክሰኞ ነበር። ውሃ የመጣው ሐሙስ ሌሊት። በእኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሠራተኞቹ ሲጨርሱ ቧንቧው ደረቅ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ እትዬ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ቆመዋል። «ልጄ፣ ኮርኒሴ እያለቀሰ ነው» አሉኝ። ፎርማኑ የመጨረሻውን ብር ተቀብሎ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

አዲሱን ሴራሚክ በመዶሻ አስፈለጥኩት። ጥፋቱ አንዲት መገጣጠሚያ ላይ ነበር። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት ነው የሚጣበቀው። ያቺኛዋ በደንብ ሳትግል ተገፍታ ገብታለች። ለእሷ ሲባል ግማሽ ግድግዳ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ቤት የሚያሳድስ ዘመድ ሁሉ ይደውልልኛል። «ጥሩ ሰው ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። ጥሩ ሰው እኔም አግኝቼ ነበር። አፉ ጤፍ ይቆላል፣ ሰላምታው ደስ ይላል፣ «አታስቢ እህቴ፣ እንደ ራሴ ቤት ነው የምሠራው» ይላል። ስህተቶቹ የእኔ ነበሩ።

አዲስ ያለቀ ቤት አይቶ መምረጥ

ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያችኋል። ያበራል፣ ያምራል። ባለፈው ሳምንት ያለቀ ቤት የማያምር የለም። እናንተ ክረምት ያለፈበትን ጠይቁ። «አምና የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት። ሐምሌና ነሐሴ የወረዱበት ቤት ምንም አይደብቅም። የመስኮት ሥር ቀለም አብጦ እንደሆነ፣ ጥጋጥጉ ጠቁሮ እንደሆነ እዩ። ሴራሚኩን በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉት። የባዶ ቆርቆሮ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ቡኬቱ አልሞላም ማለት ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይነሳል።

ፎርማኑ አጠገባችሁ በሌለበት ደግሞ ባለቤቷን አንድ ነገር ጠይቋት፦ ከከፈልሽው በኋላ ስትደውዪ ስልክ ያነሳ ነበር? ለእኔ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለም።

«በካሬ ስንት?» ብሎ መጀመር

ሁላችንም የምንጀምረው በዚህ ነው። አንዱ የእጅ ብቻ ይነግራችኋል፣ ሌላው ከነማቴሪያሉ። አንዱ የድሮውን ማፍረስ ጨምሯል፣ ሌላው አልጨመረም። ፍርስራሹን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ የሚደፋው ማነው? ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ሲሚንቶና አሸዋ ተሸክሞ የሚያወጣውስ? እነዚህ በዋጋው ውስጥ ከሌሉ ያ «ርካሽ» ሰው ርካሽ አይደለም። ጭማሪው እንደ ወንዝ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስዳችሁ። ዛሬ ለቱቦ፣ ነገ ለቀን ሠራተኛ፣ ከነገ ወዲያ «ይሄ እኮ በንግግራችን አልነበረም»።

መጀመሪያ የሚሠራውን ሁሉ ክፍል በክፍል በወረቀት ጻፉ። ያንኑ ወረቀት ለሦስት ሰው ስጡ። ያን ጊዜ ዋጋዎቹ መወዳደር ይችላሉ።

በይሉኝታ ያለ ውል መሥራት

የሰፈር ልጅ ነው፣ የእገሌ አማች ነው፣ እንዴት ውል ፈርም እለዋለሁ? እንዲህ እንላለን። ግን ነገር ሲበላሽ ይበልጥ የሚያጣላው ያልተጻፈው ነው። ውሉ የጠበቃ ቋንቋ አያስፈልገውም። ምን እንደሚሠራ፣ በምን ዕቃ፣ እስከ መቼ፣ ክፍያው በስንት ዙር፣ ቢዘገይ በቀን ስንት እንደሚቀነስ፣ የሆነ ነገር ቢያፈስ እስከ ስንት ወር በነፃ እንደሚያስተካክል። «ነጭ ሴራሚክ» አይበቃም። 60 በ60 ነው? የማን ምርት ነው? ስትፈራረሙ ሁለት ምስክር አስቀምጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በጽሑፍ እንዲሆን ለሚጠበቅ ውል የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሳያዩ መክፈል

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ክፍያዬን በጊዜ ነበር የከፋፈልኩት፤ ሲጀመር ግማሽ፣ ሲያልቅ ግማሽ። መክፈል የነበረብኝ ግን በሚሸፈን ነገር ነው። የቤት ሥራ አብዛኛው ገመናው ውስጥ ነው የሚቀረው። ቧንቧው በልስን፣ ሽቦው በልስን፣ የውሃ መከላከያው በሴራሚክ ይሸፈናል። እና እያንዳንዱ ሽፋን ከመምጣቱ በፊት አንድ ፈተና፣ ከፈተናው በኋላ አንድ ክፍያ።

ቧንቧ፦ ግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አለ። ውሃ በሌለበት ቀንም የራሱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ውሃ ጨምረው ይሠሩበታል። ብዙ ጊዜ 10 ባር አካባቢ ይሞሉትና ለተወሰኑ ሰዓታት ይተዉታል። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። «አያስፈልግም፣ እጄን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፓምፑን ራሳችሁ ተከራዩ።

የመታጠቢያ ወለል፦ ውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ማፍሰሻውን ድፈኑ። ጣት ጥልቀት ያህል ውሃ ሙሉበት፣ በጀሪካንም ቢሆን። ጠርዙን በእርሳስ ምልክት አድርጉና 24 ሰዓት ተዉት። በማግስቱ ምልክቱን ብቻ አትዩ፤ ወርዳችሁ የጎረቤትን ኮርኒስ እዩ። ሴራሚኩ ሲነጠፍ ደግሞ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ማዘንበል አለበት። አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት። ጥግ ላይ ኩሬ ከሠራ ፍርዱን ሰጠ።

ኤሌክትሪክ፦ እዚህ ላይ ምጣዱን አትርሱ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ13 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ፍሪጁንም ማሞቂያውንም አብረው ከጫኑበት ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ብሬከሩም በየእንጀራው ይወርዳል። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይምጣለት። ይህንን ልስኑ ከተመታ በኋላ ብታስታውሱት ግድግዳ ትቆፍራላችሁ።

ደግሞ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ። ወደፊት መጋረጃ ስትሰቅሉ ቧንቧ አትበሱም።

የመጨረሻውን 10 በመቶ ክፍያ ደግሞ ውሃው መጥቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ጥቂት ሳምንት እስኪኖርበት ድረስ ያዙት። የሚተማመን ባለሙያ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ጥሎ አይሄድም።

ዕቃ ግዢውን ሙሉ በሙሉ መተው

አንዳንድ ሱቅ ደንበኛ ላመጣ ባለሙያ ኮሚሽን ይሰጣል። ኃጢአት ነው አልልም፤ የሚከፈለው ግን ከእናንተ ኪስ ነው። አንድ ቀን መድባችሁ ተክለሃይማኖት ዙሩ፣ ዋጋውን በራሳችሁ ጆሮ ስሙት። ባለሙያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደረሰኙን ግን በእናንተ ስም። ሴራሚክ ስትገዙ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ተመልከቱ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል፣ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ በደንብ ያስታውቃል። ለስባሪና ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ያህል አስጨምሩ። የተረፈውን አልጋ ሥር አስቀምጡ።

ግድግዳ ሁሉ ግድግዳ ነው ብሎ ማሰብ

የብሎኬት ክፍልፋይ ሊፈርስ ይችላል። ሕንፃውን የተሸከሙት ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ) ግን ለቱቦ ማሳለፊያም ቢሆን አይነካም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለኮሚቴውና ለወረዳው ሳትነግሩ መዶሻ አታንሱ። በቃ።

ውጭ ሆኖ በዘመድ ማሠራት

ከዋሽንግተንም ከዱባይም ብር እየላኩ ቤት የሚያሳድሱ ብዙ ናቸው። ብሩን የሚይዘው ወንድም፣ ሥራውን የሚያየውም ወንድም። ወንድም ግን ኢንጂነር አይደለም፣ ፎርማኑን ለመናገርም ይሉኝታ ይይዘዋል። ከመሸፈኑ በፊት ባሉት ሦስት አራት ቀኖች ብቻ ሄዶ እንዲያይ ለአንድ ኢንጂነር በቀን ክፈሉ። ፎቶ ሳይሆን ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ላኩልኝ በሉ።

ለበዓል ይድረስልኝ ማለት

«ለፋሲካ» ወይም «ለሠርጉ» ያላችሁ ቀን ባለሙያው ያልደረቀ ልስን ላይ ቀለም እንዲቀባ ፈቃድ ሰጣችሁት። አዲስ የሲሚንቶ ልስን መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ አንድ ወር ያህል ይታገሱታል። በክረምት ከዚያም ይበልጣል።

የእትዬን ኮርኒስ ያስቀባሁት ራሴ ነኝ፤ ዕዳዬ ነበር። እስኪደርቅ ሦስት ወር ጠበቅን። በየሳምንቱ ቡና ይጠሩኝና አንገታቸውን ቀና አድርገው ያችን ቡኒ ክብ ያዩዋታል። «ዛሬ ትንሽ ቀለል ብላለች፣ አይደል?» ይላሉ። እኔም ቀና ብዬ አያለሁ።