እንጀራውን ዳቦ ያለው ላፕቶፕ፦ ልጆችን ኤአይ ስናስተምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ማዶ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አስተምራለሁ። ክበብ ነው፤ ማርክ የለውም። አንዳንዴ የሌሎችን ክፍል ሄጄ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ያው ስህተት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሲደገም አየሁና አላስችል አለኝ።

እሱን ላስቀድም። አስተማሪው ፕሮጀክተር ይዞ ይመጣል። ቻትጂፒቲ የሚባለውን፣ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ የኤአይ ፕሮግራም ይከፍታል። "ስለ አድዋ ግጥም ጻፍልኝ" ይለዋል። ግጥሙ ዝርግፍ ይላል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ክፍለ ጊዜው አለቀ። በቃ ተማሩ ማለት ነው? ወንድሜ፣ ይሄ ምትሃት ማሳየት ነው። ሚኒባስ ተሳፍሮ መገናኛ የወረደ ሰው ሞተር ተማረ አይባልም! ልጁ ቤቱ ገብቶ የሚያወራው "ኮምፒውተሩ ሁሉን ያውቃል" ብሎ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የቤት ሥራውን እሱ ሠርቶለት ይመጣል፤ ከዚያ እኛው ዞረን "የዘንድሮ ልጅ ሰነፈ" እንላለን።

እኔ ላፕቶፑን ሳልከፍት ነው የምጀምረው። "ድር ቢያብር" እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አንበሳ ያስር!" ይላል። ከዚያ "ዛሬ ጠዋት እናቴ" እላለሁ። አንዱ "ቡና አፈላች"፣ ሌላው "ገበያ ሄደች"፣ ከኋላ አንዱ "ገረፈችኝ"። "ተረቱ ላይ ሁላችሁም ለምን ተስማማችሁ?" እላለሁ። "ደጋግመን ስለሰማነው።" ቻትጂፒቲም በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከተመገበው የጽሑፍ ክምር ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ወይም የቃል ቁራጭ ይገምታል። ለጆሮ የሚጥም ነገር ሁሉ ግን እውነት አይደለም። አማርኛ ላይ በብዛት የሚወላገደውም ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ ስለማይሞላ ነው። ይህ ጨዋታ ደግሞ መብራት አይፈልግም። እኛ ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው ስህተት ቃላቱን ሳያጣሩ መንዳት ነው። እኔው ራሴ አንድ ሰዓት ሙሉ "ዳታ ከሌለ ኤአይ የለም" እያልኩ ስለፈልፍ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ዳታ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። "ካርድ የሚበላው ነው ቲቸር!" ለካ ሞባይል ዳታ መስሏቸው ኖሯል፤ ያለ ጥቅል አይሠራም እያልኩ ነበር። "ሞዴል" ስላቸውማ ጭራሽ ሞዴል ፈተና መስሏቸው ተሸበሩ። አሁን "ምሳሌዎች" እና "ከምሳሌ የተማረው ነገር" እላለሁ። ፈረንጅኛው በኋላ ይደርሳል።

አካውንት ለማስከፈት የልጅን ዕድሜ መዋሸት አይገባም። ቻትጂፒቲ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ከ18 በታች ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ይላል። የልጆቹን ፊት ፎቶ አንስቶ ማሽኑን ለማሠልጠኛ መጠቀምም ይቅርባችሁ፤ ፎቶ የሚነሳ ዕቃ ሞልቷል።

ማውሱን ወንዶቹ ይዘው ሴቶቹ ደብተር ላይ ሲጽፉ ካያችሁ ዝም አትበሉ። በየአሥር ደቂቃው እጅ ይቀይር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ማሽኑ ሲሳሳት መደበቅ። የጉግል ቲቸብል ማሽን የሚባል፣ ፎቶ እያሳዩ ነገር እንዲለይ የሚያሠለጥኑት ነጻ መሣሪያ አለ። ገጹን ለመክፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ሥልጠናው ግን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው። እንጀራና ዳቦ እንዲለይ እናስተምረው ተባባልን። እንጀራውን በትሪ፣ ዳቦውን ዴስክ ላይ አድርገን ብዙ ፎቶ አነሳን። ግሩም ሠራ። ከዚያ አንዱ እንጀራውን አንስቶ ዴስክ ላይ ዘረጋው። ላፕቶፑ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዳቦ። 98 በመቶ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደንግጬ "ቆይ፣ ኔትዎርኩ ነው" ብዬ ልዘጋው ስል (ኔትዎርክ ምን በወጣው!) አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተነሳች። "ቲቸር፣ እሱ እኮ እንጀራውን አላየም። ያየው ዴስኩን ነው።"

እኔ አንድ ወር ላስረዳው የነበረውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ዘግቼው ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲሳሳት ሆን ብዬ ነው የማዘጋጀው። ለትልልቆቹ ደግሞ አስከትዬ የሁለት የኤአይ ተመራማሪዎችን፣ የጆይ ቡኦላምዊኒንና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውን የትምኒት ገብሩን ሥራ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊት አይተው ፆታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ሲስተሞችን ፈተሹ፤ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽን የሚያውቀው በተሰጠው ምሳሌ ልክ መሆኑን ከዴስኩ የተማረ ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም።

መቶኛውን ሳያብራሩ ማለፍም አለ። 98 በመቶ ማለት 98 በመቶ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ከሰጠነው ምርጫ ውስጥ ወደ የትኛው እንዳዘነበለ ነው የሚናገረው። "አላውቅም" የሚል ምርጫ ካልሰጠነው አላውቅም አይልም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትሪውንም ዴስኩንም ቀያይረን ካሠለጠንነው በኋላ አንዷ ከቤቷ አምባሻ አመጣች። ላፕቶፑ "እንጀራ ነው" አለ። ልጆቹ ተጨቃጨቁና "ሌላ" የሚል ሦስተኛ ምድብ ይጨመር ብለው ወሰኑ። ጠመኔ፣ ጫማ፣ ዳስተር፣ ያገኙትን ሁሉ እያነሱ ከተቱበት። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ መላጣዬን አንስቷል፤ እሱንም "ሌላ" ውስጥ አስገቡት።