ባለ ሁለት ምት ኢንዱሮ ሞተር ሳይክልን ለአዲስ አበባ ከፍታ ማስተካከል

ኢንዱሮ (ለዳገት፣ ለድንጋይና ለአፈር መንገድ የተሠራ) ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ ካርቡራተሩ የሚገጠምለት ለቆላ አየር በሚሆን ልክ ነው። ቦሌ ኤርፖርት 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ፒያሳና ስድስት ኪሎ ከዚያ ከፍ ይላሉ፤ እንጦጦ ላይ ሲወጣ ደግሞ 3,000 ሜትር ይታለፋል። መሃል አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን አየሩ በሳሳው መጠን ነዳጁን አይቀንስም። ስለዚህ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፣ ከማርሚታው ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ያንቃል፣ ዳገት ላይ ይንተባተባል። ይህን ያየ ሰው «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ሲሊንደር ያስፈታል፤ ፒስተን ከመቀየር በፊት ግን ጄት (በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) መቀየር ይቀድማል። ዋጋውም ከፒስተን ጋር አይወዳደርም።

ከ2018 ሞዴል ጀምሮ የመጡት የኬቲኤምና የሁስክቫርና ቲፒአይ (ካርቡራተር የሌላቸው፣ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭባቸው) ሞተሮች የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላላቸው ነዳጁን ራሳቸው ይመጥናሉ። ዘይቱንም ከራሱ ታንክ ራሳቸው ስለሚወስዱ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ያላችሁ ስለ ጄትና ቤንዚንን ከዘይት ስለ መደባለቅ የተጻፈውን ዝለሉት፤ የቀረው ይመለከታችኋል።

መጀመሪያ የሚታዩ ነገሮች

በስንጥቅ ወይም በላላ ማሰሪያ አየር የሚያስገባ ሞተር ላይ ጄት መቀያየር ልፋት ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ባለው ጎማ ዙሪያ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ንፉ። ድምፁ ከተቀየረ ጎማው ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ከዚያ ሪድ ቫልቩን (ድብልቁን ወደ ሞተሩ ብቻ የሚያሳልፈውን ባለ ቅጠል መዝጊያ) አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቅጠሎቹ ጫፋቸው ከተሸረፈ ወይም ብርሃን በሰፊው ካሳለፉ ይቀየሩ። ሪዱ ሲያረጅ ሞተሩ በጠዋት እምቢ ይላል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይረጋም፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ለካርቡራተሩ ይሰጣል።

የስፖንጁ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ቤንዚን መገጣጠሚያውን የያዘውን ማጣበቂያ ስለሚበላው አይሆንም። ቀጥሎ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ የፊልትሮ ዘይት ቀቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁት። ከንፈሩ ላይ ግራሶ ይቀባ። በበጋ አቧራ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መታጠብ አለበት።

ውኃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ከሞላችሁና የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ በቀስታ በሚወጣ የድንጋይ ዳገት ላይ ሞተሩ መፍላቱ አይቀርም። ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ደባልቁ፤ ክዳኑንም ፈትሹ። የካምቢዮው ዘይት የሞተር ሳይክል ዘይት፣ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤምኤ የሚል ይሁን። ለመኪና ብቻ የተሠራ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ቤንዚንና ዘይት

ጃሶ ኤፍዲ የሚል የባለ ሁለት ምት ዘይት ያዙ። በ5 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ለ60 ከሆነ 83 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ50 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ40 ከሆነ 125 ሚሊ ሊትር ይገባል። የማኑዋሉን ልክ ተከተሉ፤ ከዚያ አትቀያይሩ። ዘይቱን በጨመራችሁ ቁጥር በጄቱ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚቀንስ፣ «ለጥንቃቄ» ብሎ ዘይት ማብዛት የጄቱን ልክ ያዛባል። በዓይን ግምት ሳይሆን በሲሪንጅ ወይም ምልክት ባለው ብልቃጥ ለኩ። ዘይቱን መጀመሪያ በግማሹ ቤንዚን በጥብጡት፣ ቀሪውን ሙሉ፣ ጄሪካኑን እንደገና ናጡ። ከወር በላይ የቆየ ድብልቅ ኢንዱሮ ላይ አይሞላም።

ካርቡራተሩ

ኬይሂን ፒደብልዩኬን የመሰለ ካርቡራተር ሦስት ቦታ ላይ ይስተካከላል። ነዳጅ መስጫው ከተዘጋ እስከ ሩብ ድረስ የሚሠራው የሚኒሞ ጄትና የአየር ብሎኑ ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌው፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። ኢንዱሮ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ሰዓት ከግማሽ በታች ስለሚውል፣ ሰዎች የሚጨነቁለት ዋናው ጄት ቢሆንም በመንገድ ላይ ልዩነቱ የሚሰማው ከሚኒሞ ጄቱና ከመርፌው ነው።

መነሻ ይሁናችሁ፦ ለባሕር ጠለል 165 ዋና ጄት የሚል ማኑዋል ለአዲስ አበባ ወደ 155 ይወርዳል፤ 40 የነበረው የሚኒሞ ጄት ወደ 38 ወይም 35፤ የመርፌው ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ። ክሊፑ ወደ ላይ ሲወጣ መርፌው ስለሚወርድ ነዳጅ ይቀንሳል። የከፍታ ሠንጠረዥ ያለው ማኑዋል ካላችሁ ግን ሠንጠረዡ ይቅደም። ጄት በአገር ውስጥ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ስታዝዙ ከግምታችሁ በላይና በታች ያሉትን ሁለት ሁለት ቁጥር አብራችሁ እዘዙ። ያለውን ጄት በመሰርሰሪያ ማስፋት ወይም በሽቦ መጎርጎር አይገባም፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሥራውን ይለውጠዋል። ሲደፈን በማጽጃ ስፕሬይና በአየር ግፊት ይጽዳ።

የሚሞከርበት ቦታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ነዳጅ ሙሉ ሰጥቶ መሞከር የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። ሰሌዳና ፈቃድ የሌለውን ሞተር ሳይክል በፒክአፕ ጭናችሁ እንጦጦን ተሻግራችሁ ወደ ሱሉልታ በኩል ሰው የሌለበት የአፈር መንገድ ፈልጉ። ከፍታው ከፒያሳ ብዙ ስለማይራራቅ፣ እዚያ የተስተካከለ ሞተር እንጦጦ ጫፍ ላይ ትንሽ ነዳጅ ቢበዛበት ነው፤ ያ ደግሞ ጉዳት የለውም።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የአየር ብሎኑን በቀስታ እስኪያርፍ ድረስ አጥብቁ፤ በኃይል ከተጫናችሁት መቀመጫው ይበላሻል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ፍቱት። በሚኒሞ እየሠራ በሩብ ዙር እየፈታችሁና እያጠበቃችሁ ዙሩ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ፈልጉ። ጥሩው ቦታ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ ጄቱ ትንሽ ስለሆነ በትልቅ ይቀየር፤ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከሆነ በትንሽ። ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁ ሞተሩ ዙሩን ቶሎ ካልጣለ ነዳጅ አንሶታል ወይም አየር ያስገባል።

ቀጥሎ ዋናው ጄት። አዲስ ካንዴላ ግጠሙ፣ ረዘም ባለ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሙሉ ሰጥታችሁ ሂዱ፣ ነዳጁን ሳትቀንሱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ካንዴላውን ፍቱና ነጩ ሸክላ ብረቱ ውስጥ ገብቶ የሚያበቃበትን ሥር ተመልከቱ፤ ጫፉ አያስተማምንም። ቀለሙ የተቆላ ቡና ከመሰለ ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጄቱ በአንድ ቁጥር ይውረድ። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለበት ግን ወዲያው አቁሙና ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ነጠብጣቡ ከፒስተኑ እየቀለጠ የሚወጣ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። በጆሮም ይለያል፦ ነዳጅ የበዛበት ሞተር በከፍተኛ ዙር ይንተባተባል፤ ያነሰው ደረቅና ስለታም ድምፅ ያወጣል፣ የብረት መንቀጫቀጭ ያሰማል፣ ይሞቃል።

መርፌው የመጨረሻ የሚሆነው ከታችም ከላይም ስለሚነካ ነው። በግማሽ ነዳጅ ከተንተባተበ ክሊፑን አንድ ወደ ላይ፣ ባዶነት ከተሰማና ከዘገየ አንድ ወደ ታች አድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ከመፍታታችሁ በፊት የነበረውንም ጻፉ።

ማርሽ፣ ሞላና ጎማ

ጄቱ ቢስተካከልም የሳሳ አየር የወሰደውን ጉልበት አይመልስም። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ከከበደና አንደኛ ካጠረ የፊቱን ጥርስ ከ14 ወደ 13 ዝቅ አድርጉ። የኋላው 50 ከሆነ ይህ እዚያ አራት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይቀራረባል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው።

ለኋላው ሞላ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ከኋላው አክስል ቀጥ ብሎ እስከ ጭቃ መከላከያው ድረስ ለኩ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉ በራሱ ክብደት ቆሞ ለኩ፤ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ነጂው ሙሉ ልብሱንና ጫማውን ለብሶ ሲቀመጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ልክ ከ100 እስከ 110። የነጂውን ልክ በሞላው ቀለበት ካመጣችሁ በኋላ ያለ ነጂ የሚወርደው ከ25 በታች ከሆነ ሞላው ለነጂው ለስላሳ ነው፤ ከ45 ካለፈ ጠንካራ ነው፤ መፍትሔው ሞላ መቀየር ነው፣ ማጥበቅ አይደለም።

ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ላለው ጎማ እንጦጦ ድንጋይ ላይ 15 ፒኤስአይ፣ በክረምት ጭቃ 12 ይበቃል። ከ12 በታች ድንጋይ ላይ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይበሳዋል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ

አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዋሽ ከዚያም እጅግ ይወርዳል፤ ዳናክል ከባሕር ጠለል በታች ይገባል። ለአዲስ አበባ የተመጠነ ጄት ታች ያለው ወፍራም አየር ላይ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ቅባትም ያንሰዋልና ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይይዛል። ለአዳማ ዋናውን ጄት ቢያንስ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጉ። ለአዋሽና ከዚያ በታች ማኑዋሉ ለዚያ ከፍታና ሙቀት የሚለውን ሙሉ ልክ መልሱ፤ የሚኒሞ ጄቱንና ክሊፑንም ጭምር። ጄቶቹን ቁጥራቸው በተጻፈባት ትንሽ ዕቃ ከካቻቢቴና ከትርፍ ካንዴላ ጋር ያዙ፤ ቅያሪውም ሞተር ሳይክሉን ከመኪና ስታወርዱ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ይሁን።